ክር ሲዘል

ሐረጎን ወርጄ፣ ከጉሙ ርቄ፣
ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ፣
ከሽመናው አዳራሽ ጀርባ ለጀርባ
በምትንቀጠቀጥ ቢሮዬ ስገባ፣
ደመወዝ አስሊ ነኝ፤ ወር በገባ ቁጥር
ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ስም መቁጠር።

ድሮ በካርቦን ነበር፣ ጣቴ እየጠቆረ፤
አሁን በስክሪፕት ነው፣ ዘመን ተቀየረ።
አራት መስመር ብቻ፦
በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ስም
ቀኑን በዋጋው አባዛ፣ ግብሩን ቀንስ፤
ሌላ ስም ካለ ተመለስ፤
ከሌለ ውጣ።

ይኸው ነው። ሻዬ ሳይበርድ ያልቃል ሥራው፤
ከዜሮ ነው ደግሞ የማሽን ቆጠራው።
ለዘበኛው ለአባ ሽፋው ይህን ነገርኳቸው፤
«ከሁሉ ፊት ነዎት፣ ዜሮ ነዎት» አልኳቸው።
ሦስት ቀን በሩን ሲከፍቱ ሰላምታ ነሡኝ፤
በአራተኛው «ዜሮም ደመወዝ ካለው ይሁን» አሉኝ።

ታኅሣሥ ላይ ወረደ ከላይ አንድ ወረቀት፦
«የለቀቁ፣ የጠፉ፣ ያልተመለሱት
ከዝርዝሩ ይውጡ።» ሌላ ቃል የለበት።
ጨመርኩ አንድ መስመር፣ ከመዞሪያው ሆድ፦
«የለም» የተባለ ስም ካገኘህ፣ እዚያው አስወግድ።
ሮጠ። አልተደናቀፈም። ቀይ ጽሑፍ አላየሁም።
ዝም የሚል ስሕተት እንዳለ አላወቅሁም።

በደመወዙ ቀን፣ ሰልፉ ካለቀ በኋላ፣
አንዲት ሴት ቀረች፣ ሽፋሽፍቷ ላይ የጥጥ ብናኝ አዝላ።
«ሙሕባ አበጋዝ እባላለሁ፤ ሽመና ሁለት፣ ማሽን አርባ፤
አንድ ቀን አልቀረሁም፤ ፈርሜያለሁ ስወጣ ስገባ።»
ፈለግኋት። ስሟ አለ። አልተሰረዘም።
ከስሟ ፊት ለፊት ግን ምንም፣ ባዶ፣ ምንም።

እሷ እንደቆመች መስመር በመስመር ወረድኩ።
ማሽኑ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው ስፍራ ነው።
ከፊቷ ያለችውን ሲያጠፋት
ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ አንድ እርምጃ ተጠጋ፤
ሙሕባ በሄደችው ስፍራ ቆመች፤
እሱ ግን ያን ስፍራ ጨርሻለሁ ብሎ
ወደሚቀጥለው ተራመደ።
ከጠፋው ስም ሁሉ ኋላ እንዲህ አንድ ሰው ቀርቷል፤
አሥራ ሰባት ናቸው።
ሌሎቹ የማታ ፈረቃ ናቸው፤ ገና አልመጡም።

«ክር ዘለለ በለኛ!» አለች። «እኛም ጋ ይሆናል፤
አንድ ድር ይበጠስና ማሽኑ ሳይቆም ያልፋል፤
ጨርቁ አምሮ ይወጣል፣ ይጠቀለላል፤
ብርሃን ላይ ስትይዘው ነው መስመሩ የሚታይህ።»
ቀጥላም፣ «ከፊቴ የጠፋችው ማን ናት?»
ስክሪኑን አዞርኩላት።
ዘሀራ ሙሄ። ማሽን ሠላሳ ዘጠኝ።

ዝም አለች። ሽፋሽፍቷን በክንዷ ጠረገች፤
ጥጥ ይሁን ሌላ፣ እኔ እንጃ።
«ምሳዋን ከኔ ጋር ነበር የምትበላው።
ስትሄድ ሻርቧን ማሽኑ ላይ ሰቅላ ነው፤
እስካሁን አላወረድኩትም።»

መጽሐፉ ይላል፦ በምትዞርበት ዝርዝር ላይ አታጥፋ፤
ቅጂ ያዝ፣ በቅጂው ዙር፣ ከዋናው አጥፋ።
ከሚሰረዘው ሰው አጠገብ የቆመው
አብሮ እንደሚጎድል ግን የትም ገጽ ላይ አላነበብኩም።

የሙሕባን፣ የአሥራ ስድስቱንም፣ በእጄ ጻፍኩ፤
ካርቦን አንሥቼ። ጣቴ ጠቆረ።

ኮዱን አስተካክያለሁ። ቅጂውን ግን አልደመሰስኩም፤
«ድሮ» ብዬ ስም ሰጥቼው አለ።
አንዳንድ ማታ፣ የደሴ ሚኒባስ እስኪሞላ፣
አታባዛ አትቀንስ፣ ስም ብቻ ጻፍ ብዬ አዞረዋለሁ።
አባ ሽፋው፣ ዜሮ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፤
ዘሀራ ሙሄ፤ ቀጥሎ ሙሕባ አበጋዝ፤ ሳይዘል።

ከግድግዳው ማዶ ማሽን አርባ ይንኳኳል።
ሠላሳ ዘጠኝ ላይ አዲስ ልጅ አስገብተዋል።
ሻርቡን ማን እንዳወረደው አልጠየቅሁም።